ከወህኒ ቤት ወደ ልቪቭ ምክር ቤት፦ ስለ ቪያቼስላቭ ቾርኖቪል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ2022ቱ ወረራ ወዲህ ልቪቭ የምትባለው የምዕራብ ዩክሬን ከተማ ከዜና ጠፍታ አታውቅም። ወደ ፖላንድ የሚሻገረው ስደተኛ ብዙው ያለፈው በእሷ በኩል ነው። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በፊት ግን ስሟ የተነሳው በሌላ ምክንያት ነበር። ሶቪየት ኅብረት ገና ሳትፈርስ፣ ሞስኮ ላይ ጎርባቾቭ ወንበሩ ላይ እንዳለ፣ አንድ የቀድሞ የፖለቲካ እስረኛ የክፍለ ሀገሩን ምክር ቤት ከኮሚኒስቶች እጅ ተረከበ። ቪያቼስላቭ ቾርኖቪል ይባላል። ስለ እሱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን እዚህ ለመመለስ ሞክሬያለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቾርኖቪል ባጭሩ ማን ነበር?

ጋዜጠኛ ነበር። ከዚያ የፖለቲካ እስረኛ፣ ከዚያ የልቪቭ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ሊቀመንበር፣ ከዚያ ደግሞ የፓርላማ አባልና "ሩኽ" የተባለው ፓርቲ መሪ ሆነ። በ1937 ተወለደ፤ በ1999 በመኪና አደጋ ሞተ። በ1991 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ሁለተኛ ወጥቷል።

ብዙ ሰው የሚያነሳው እስሩንና አሟሟቱን ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምትስበኝ ያቺ የሁለት ዓመት የልቪቭ ሥልጣኑ ናት። ከእስረኝነት ወደ አስተዳዳሪነት ያሻገረችው እሷ ናት። በኋላ በመላ አገሪቱ እንዳይመረጥ ያሰናከለችውም እሷው ናት ብዬ አምናለሁ።

የልቪቭ ልጅ ነው?

አይደለም። ይሄ ብዙዎችን ያሳስታል። የተወለደው በመካከለኛው ዩክሬን፣ ቼርካሲ አካባቢ፣ የርኪ በሚባል ቦታ ነው። ወላጆቹ አስተማሪዎች ነበሩ። የአገሪቱ ታላቅ ገጣሚ ታራስ ሼቭቼንኮም የተወለደው እዚያው ዝቬኒሆሮድካ አካባቢ ነው።

ልቪቭን ያወቃት ለሥራ ሲሄድ ነው። በኪየቭ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ተምሮ በ1960 እንደጨረሰ የልቪቭ ቴሌቪዥን ጣቢያ ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ የምዕራቡ ሰው እንደ ራሱ ልጅ አየው፤ የምሥራቁ ሰው ደግሞ "ያ የልቪቩ" እያለ ይጠራው ጀመር። የትውልድ ቦታውን ያስታወሰ የለም።

እንዴት ተቃዋሚ ሆነ? ኮሚኒስት ነበር እንዴ?

የኮምሶሞል፣ ማለትም የኮሚኒስት ወጣቶች ማኅበር አባል ነበር። ያውም ተራ አባል አይደለም። ልቪቭን ለቅቆ የኪየቭ የውሃ ኃይል ማመንጫ ግንባታ ላይ ሲሠራ የኮምሶሞል ጸሐፊ ነበር። ተማሪ ሳለ ግን በአፈንጋጭ ሐሳቡ ምክንያት ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አቋርጦ ነበር። ያን ዓመት ያሳለፈው ዛሬ ማሪዩፖል በምትባለው ከተማ፣ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ግንባታ ላይ በጉልበት ሥራ ነው።

ነገሩ የተለወጠው በ1965 ነው። ያን ዓመት የሶቪየት የስለላ ድርጅት ኬጂቢ የዩክሬን ወጣት ምሁራንን በጅምላ ማሰር ጀመረ። ሴፕቴምበር 4 ቀን ኪየቭ ውስጥ "ዩክሬይና" ሲኒማ ቤት፣ የዳይሬክተር ፓራጃኖቭ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ይታይ ነበር። ሐያሲው ኢቫን ዚዩባ ተነስቶ ስለ እስሩ ለሕዝቡ ተናገረ። ገጣሚው ቫሲል ስቱስና ቾርኖቪልም አብረውት ተነሱ። "እስሩን የምትቃወሙ ቁሙ" ተባለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ማድረግ እብደት ነበር። ሁሉም ዋጋውን ከፍለዋል።

በቀጣዩ ዓመት በዝግ ችሎት እንዲመሰክር ሲጠራ አሻፈረኝ አለ። ከዚያ ይልቅ ችሎቶቹ ራሳቸው ሕግ እንደጣሱ ዘርዝሮ ጻፈ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። "ሶቪየት ኅብረት ይውደም" አላለም። ያለው "የራሳችሁን ሕገ መንግሥት አክብሩ" ነው። ለባለሥልጣናቱ ይሄ ከስድብ ይብሳል፤ ለስድብ መልስ አላቸው፣ የራሳቸውን አንቀጽ ሲጠቅሱባቸው ግን የሚሉት ይጠፋቸዋል።

ስንት ጊዜ ታሰረ?

ሦስት ጊዜ።

የመጀመሪያው በ1967 ነው። የታሰሩ ሃያ ምሁራንን ታሪክና ደብዳቤ በአንድ ጥራዝ ሰብስቦ ነበር። ጽሑፉ ድንበር ተሻግሮ ምዕራቡ ዓለም ታተመ። ሦስት ዓመት ተፈረደበት፤ በምሕረት ግማሹ ተቀንሶለት በ1969 ወጣ። በዚሁ ሥራው በ1975 እንግሊዝ አገር የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሰጥቶታል። እሱ ግን ያኔ ሁለተኛ እስሩ ላይ ነበር።

ሁለተኛው በጃንዋሪ 1972 ነው። ሲፈታ ዝም አላለም፤ በ1970 "የዩክሬን መልእክተኛ" የተባለ ህቡዕ መጽሔት ጀመረ። በታይፕ ተመትቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው። ስድስት ዓመት የሥራ ካምፕና ሦስት ዓመት ግዞት ተፈረደበት። ካምፑ ሞርዶቪያ፣ ግዞቱ ያኩቲያ ነው። ያኩቲያ ማለት ክረምቱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ የሚወርድበት ሳይቤሪያ ነው። ካምፑ ውስጥ ለእስረኛ መብት ሲል አድማ ከአድማ ያስተባብር ነበር። አብሮት የታሰረው የሌኒንግራዱ አይሁዳዊ ጸሐፊ ሚኻይል ኼይፌትስ "የእስረኞች ጄኔራል" ብሎታል።

ሦስተኛው ከሁሉም ያስጠላል። በ1979 ከግዞት ሳይወጣ የዩክሬን ሄልሲንኪ ቡድን የሚባለውን የመብት ተሟጋቾች ማኅበር ተቀላቀለ። በ1980 በፖለቲካ ሳይሆን በአስገድዶ መድፈር ሙከራ ከሰሱት። የፈጠራ ክስ ነበር። ኬጂቢ በዚያ ሰሞን የፖለቲካ ሰውን በነውር ክስ ማዋረድን ልማድ አድርጎት ነበር። አምስት ዓመት ተፈረደበት። እሱም ለ120 ቀናት የርሃብ አድማ አደረገ። በ1983 ቢለቀቅም ወደ ዩክሬን እንዲመለስ የተፈቀደለት በ1985 ነው።

ሲመለስ ወዲያው ፖለቲካ ውስጥ ገባ?

መጀመሪያ የገባው ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ነው። በእሳት አንዳጅነት ሥራ ይተዳደር ነበር። በ1987 ለጎርባቾቭ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ መጽሔቱንም መልሶ አስነሳ። በ1988 የዩክሬን ሄልሲንኪ ኅብረት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። በሴፕቴምበር 1989 ደግሞ ሩኽ ተመሠረተ።

ሩኽ መጀመሪያ ፓርቲ አልነበረም። ጸሐፊዎች፣ የቀድሞ እስረኞች፣ እንዲያውም የኮሚኒስት ፓርቲ አባላት ሳይቀሩ ያሉበት ሰፊ ንቅናቄ ነበር። የመጀመሪያው መሪ ገጣሚው ኢቫን ድራች ነው። በጃንዋሪ 1990 ከኪየቭ እስከ ምዕራብ ዩክሬን ድረስ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የቆመበትን ሰልፍ ያዘጋጀው ሩኽ ነበር። ያ ሰልፍ ሕዝቡ ፍርሃቱን የጣለበት ቀን ነው ይባላል።

ታዲያ የልቪቭ መሪ የሆነው እንዴት ነው?

በምርጫ ነው። በማርች 1990 ለዩክሬን ፓርላማና ለአካባቢ ምክር ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀናቃኝ ዕጩዎች ያሉበት ምርጫ ተደረገ። በኪየቭ ፓርላማ ኮሚኒስቶቹ አብላጫውን ያዙ። በሦስቱ የጋሊሺያ ክፍላተ ሀገር፣ ማለትም በልቪቭ፣ በኢቫኖ ፍራንኪቭስክና በቴርኖፒል ግን ጠራርገው ተሸነፉ። ቾርኖቪል ለፓርላማም ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤትም ተመረጠ። በኤፕሪል ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ሊቀመንበር አደረገው። ከዐሥር ዓመት በፊት በሐሰት ክስ እስር ቤት የተወረወረው ሰው አሁን የፓርቲው ሹማምንት ደጅ የሚጠኑት አለቃ ሆነ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ሠራ?

በመጀመሪያ የሚታየው ምልክቱ ነው። ሰማያዊና ቢጫው ባንዲራ ልቪቭ ማዘጋጃ ቤት ላይ የወጣው ኤፕሪል 3, 1990 ነው። በዚያው ክፍለ ሀገር ያለችው ስትሪይ ከተማ ደግሞ በማርች አጋማሽ ቀድማ ሰቅላዋለች። ኪየቭ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት የተሰቀለው ገና በጁላይ ነበር። የሌኒን ሐውልትም እንዲሁ። በኦገስት 1 ቼርቮኖህራድ በተባለችው የማዕድን ከተማ ወረደ፤ በሴፕቴምበር ልቪቭ መሀል ከተማ ያለው ተከተለ። ሶቪየት ኅብረት ልትፈርስ ገና ከአንድ ዓመት በላይ ቀርቷት ነበር።

ሐውልት ማውረድ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ አስተዳደሩ ነበር። ፋብሪካዎቹ፣ የአውቶቡሱ "ላዝ" እና የቴሌቪዥኑ "ኤሌክትሮን" ሳይቀሩ፣ የማዕከላዊው መንግሥት ምጣኔ ሀብት አካል ነበሩ። ፖሊሱና ኬጂቢውም የሚታዘዙት ሌላ ቦታ ነው። ምክር ቤቱ አዋጅ ማውጣት ይችላል፤ ነዳጅና ብረታ ብረት ግን በአዋጅ አይመጣም። ቾርኖቪልና ጓደኞቹ ክፍለ ሀገሩን "የነፃነት ደሴት" ይሉት ነበር። ደሴት መሆን ግን ጣጣ አለው፤ ዙሪያው ውሃ ነው።

የቻሉትን አደረጉ። ከጋራ እርሻዎች መሬት ለገጠር ቤተሰቦች ቁራሽ መሬት ማደል ጀመሩ። በ1946 በስታሊን ዘመን የታገደችው የግሪክ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በይፋ ተመለሰች፤ የልቪቩ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም በኦገስት 1990 ተረከበችው። ይሄ ግን ራስ ምታትም ይዞ መጣ። በየመንደሩ "ቤተ ክርስቲያኑ የማን ነው?" የሚል ጠብ ተነሳ። ካቶሊኩ በአንድ በኩል፣ ኦርቶዶክሱ በሌላ በኩል። የሃይማኖት ነፃነት እንዲመለስ ሲታገል የኖረ ሰው አሁን የቁልፍ ጠብ ሲዳኝ ሊውል ነው። የአስተዳደር ሥራ እንዲህ ነው።

ከሁሉም ያስገረመኝ የማርች 1991ዱ ሕዝበ ውሳኔ ነው። ጎርባቾቭ "የታደሰ ኅብረት ትፈልጋላችሁ ወይ?" ብሎ መላ አገሩን ጠየቀ። ኪየቭ በበኩሏ ስለ ዩክሬን ሉዓላዊነት ሁለተኛ ጥያቄ ጨመረች። አንድ ወር ቀደም ብሎ የሦስቱ የጋሊሺያ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ነበር። እነሱም በአካባቢያቸው ሦስተኛ ወረቀት አዘጋጁ፤ ዩክሬን ሙሉ ነፃ አገር ትሁን ወይስ አትሁን?

በአጠቃላይ ዩክሬን 70 በመቶ ገደማ ለጎርባቾቭ "አዎ" አለ። ያው ሕዝብ 80 በመቶ ገደማው ለሁለተኛውም "አዎ" አለ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ለመራጩም ግልጽ የነበረ አይመስለኝም። በጋሊሺያ ግን ለሦስተኛው ጥያቄ 88 በመቶ ገደማ "አዎ" ሲል ነገሩ ግልጽ ሆነ። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ መላ ዩክሬን ያንኑ ጥያቄ ተጠየቀ፤ ከ90 በመቶ በላይ ደገፈው። ለእኔ የቾርኖቪል ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። ጥያቄውን በወረቀት ላይ አትሞ፣ በሳጥን አስቆጥሮ፣ ሊሆን የሚችል ነገር መሆኑን አሳየ።

ፌዴራሊዝም ይደግፍ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ለእኛ አገር አንባቢ ቃሉ ብቻውን ክርክር ስለሚያስነሳ ጥያቄው አይገርምም። ቾርኖቪል በ1990 እና 1991 ዩክሬን የየአካባቢዎቿ ፌዴሬሽን እንድትሆን ይፈልግ ነበር። በቋንቋ ወይም በብሔር የተከፈለ ሳይሆን፣ ታሪካዊ አካባቢዎች የራሳቸው ምክር ቤት የሚኖራቸው ዓይነት ነው ያሰበው። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ መገመት አያቅትም። ኪየቭ በኮሚኒስቶች እጅ ሳለች እሱ ልቪቭን ይዞ ነበር፤ ከማዕከል ነፃ የሆነ አካባቢ ምን ሊሠራ እንደሚችል በዓይኑ አይቷል።

የራሱ ወገኖች ሳይቀሩ ክፉኛ ነቀፉት። "አዲስ አገር ገና ሳትቆም ልትሸነሽናት ነው" አሉት። ከነፃነት በኋላ ክራይሚያ ውስጥ የመገንጠል ድምፅ ሲበረታ ሐሳቡ ሰሚ አጣ፤ እሱም አልገፋበትም። ተቀናቃኞቹ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያነሱበት ኖረዋል።

ሃቭልና ዋሌንሳ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ እሱ ለምን ተሸነፈ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። እንደ እሱ የኮሚኒስት መንግሥት ተቃዋሚ የነበሩት ሃቭል በቼኮዝሎቫኪያ፣ ዋሌንሳ በፖላንድ ተሳክቶላቸዋል። በዩክሬን ግን በዲሴምበር 1, 1991 ሌዮኒድ ክራቭቹክ 61.6 በመቶ፣ ቾርኖቪል 23.3 በመቶ አገኙ። ሌላው የቀድሞ እስረኛ ሌቭኮ ሉክያኔንኮ 4.5 በመቶ ላይ ቀረ። ሉክያኔንኮ ከ20 ዓመት በላይ ታስሮ የወጣ፣ የነፃነት አዋጁን ረቂቅ የጻፈ ሰው ነው። ሁለቱ ለየብቻ መወዳደራቸው ሳይጎዳቸው አልቀረም፤ ድምፃቸው ቢደመርም ግን ክራቭቹክ ላይ አይደርስም።

ዋናው ምክንያት ክራቭቹክ ራሱ ነው። የኮሚኒስት ፓርቲው የርዕዮተ ዓለም ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ብልጥ ነበር። የሩኽን ሐሳብ አንድ በአንድ ወሰደና የራሱ አደረገው፤ ነፃነት፣ ባንዲራ፣ ሕዝበ ውሳኔ። ለዶንባስ ማዕድን ሠራተኛና ለኦዴሳ ጡረተኛ "ነፃነት ይመጣል፣ ግን የሚያስፈራ ነገር የለም" የሚል ሰው ሆኖ ቀረበ። ቾርኖቪል ደግሞ ሐውልት ያወረደው ሰው ነበር። የሶቪየት ጋዜጦች "የልቪቭ ብሔርተኛ" እያሉ ለዓመታት ስለውት ነበር። ያሸነፈው በሦስቱ የጋሊሺያ ክፍላተ ሀገር ብቻ ነው። ልቪቭ ያመነችበት ምክንያትና የምሥራቋ ሉሃንስክ የፈራችበት ምክንያት አንድ ነው።

ከምርጫው በኋላ ከመንግሥት ጋር ለምን አልሠራም?

በዚህ ጉዳይ ሩኽ ራሱ ሊሰነጠቅ ደርሶ ነበር። በ1992 መጀመሪያ በተደረገው ጉባኤ ድራችና ሚኻይሎ ሆሪን "ክራቭቹክ አሁን ነፃ አገር እየገነባ ነው፤ እንርዳው" አሉ። ቾርኖቪል "የድሮው ሹመኛ ኮት ቀየረ እንጂ አልተለወጠም፤ ተቃዋሚ እንሁን" አለ። ለጊዜው ሦስቱም የጋራ ሊቀመንበር ሆነው ተስማሙ። ብዙ አልቆየም። በዓመቱ መጨረሻ ቾርኖቪል ብቻውን መሪ ሆነ፤ የልቪቭ ወንበሩንም በዚያው 1992 ለቆ ነበር።

ትክክል ነበር? ግማሽ በግማሽ እላለሁ። የቀድሞዎቹ የፋብሪካ ዳይሬክተሮች ኢኮኖሚውን እንደሚቀራመቱት አስቀድሞ አይቷል። ነገር ግን ውጭ ቆሞ መጮህ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹን በሙሉ ለእነዚያው ሰዎች መተው ነበር።

ሩኽ ምን ሆነ?

በ1998 ምርጫ 9.4 በመቶ አግኝቶ ከኮሚኒስቶቹ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። የክራይሚያ ታታሮች መሪ ሙስጠፋ ጀሚሌቭም በሩኽ ዝርዝር ነው ፓርላማ የገባው። እሱም እንደ ቾርኖቪል የሶቪየት እስር ቤት ምሩቅ ነው። ዓመት ሳይሞላ ግን ፓርቲው ተሰነጠቀ። በፌብሩዋሪ 1999 የዩሪ ኮስቴንኮ ቡድን ለብቻው ጉባኤ ጠርቶ ኮስቴንኮን መሪ አደረገ። ምክንያቱን አንዱ ወገን የቾርኖቪል አምባገነንነት ነው ይላል፤ ሌላው ከላይ የተሸረበ ሴራ ነው ይላል። እልኸኛ እንደነበር ወዳጆቹም አይክዱም።

አሟሟቱ ላይ ያለው ክርክር ምንድን ነው?

ማርች 25, 1999 ሌሊት ከኪሮቮህራድ ወደ ኪየቭ ሲመለስ፣ ቦሪስፒል አጠገብ መኪናው መንገድ ላይ እየዞረ ከነበረ ካማዝ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። እሱና ሹፌሩ እዚያው ሞቱ፤ የፕሬስ ጸሐፊው ተረፈ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ወዲያው "የትራፊክ አደጋ ነው" አለ። የፕሬዚዳንት ምርጫ ሊደረግ ወራት ቀርተው ነበር። ብዙ ዩክሬናዊ እስከዛሬ አላመነም።

በ2006 ፕሬዚዳንት ዩሽቼንኮ ጉዳዩ እንደገና እንዲመረመር አዘዘ። የወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሉትሴንኮ ግድያ መሆኑን የሚጠቁም ነገር አለ ሲል፣ ዐቃቤ ሕጉ አጣጣለው። ከዚያም በኋላ ፋይሉ ተዘግቶ ተከፍቷል። ግድያ ነው ብሎ የወሰነ ፍርድ ቤት የለም። ስለዚህ "ተገደለ" ብሎ እንደ እርግጥ የሚጽፍ ሰው ካያችሁ ጠርጥሩ። የምርመራው ችኮላ ግን ለጥርጣሬው በቂ ምክንያት ነው።

በኪየቭ ባይኮቬ መካነ መቃብር ተቀብሯል። በ2000 "የዩክሬን ጀግና" የሚለው ማዕረግ ከሞቱ በኋላ ተሰጥቶታል።

ልጁም ፖለቲከኛ ነው የሚባለው?

አዎ፣ ታራስ ቾርኖቪል። እሱም የፓርላማ አባል ሆኖ ነበር። የምርጫ ማጭበርበርን በተቃወመው በ2004ቱ የብርቱካን አብዮት ምክንያት ድጋሚ በተደረገው ምርጫ የቪክቶር ያኑኮቪችን የምርጫ ዘመቻ መራ። ያኑኮቪች የዶኔትስክ ሰው ነው፤ የታራስ አባት ድምፅ ያጣበት የምሥራቁ ሕዝብ ዕጩ ማለት ነው። ልቪቭ ውስጥ የቾርኖቪል ልጅ ያንን አደረገ ሲባል ሰው ጆሮውን ማመን አቅቶት ነበር። ታራስ በኋላ ከያኑኮቪች ፓርቲ ወጥቷል።